ያልተበሳው ግማሽ

ወዳጆ የተገኘው በግንባሩ ተደፍቶ፣ ፊቱ ጠበሉ ውስጥ ተነክሮ ነው። የኋላ ራሱ ተፈርክሷል። በሁለት እጅ የሚነሣ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ደርቆ ነበር። ሲፈለቅቁት በቁመቱ የተሰነጠቀ አንድ አጭር እንጨት ወጣ።

ቀኑ ጳጉሜ አራት፣ 1993 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ከራቤል የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ ገደል ሥር ያለ ጠበል ነው። በጳጉሜ ሰው ከመንዝም ከግሼም ይመጣል። ልብሱን ያወልቃል፤ ጫማውንና ስንቁን ከውሃው ዳር ጠጠሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ይጠመቃል። ሌባም ይህን ያውቃል። ራቁቱን ውሃ ሥር የቆመ ሰው ሮጦ አይዘውም።

ወዳጆ በዚህ ቦታ አሥራ አምስት ዓመት ዕቃ ጠብቋል። ዋጋው አንድ እፍኝ ገብስ ነበር። አንድ ቀንበጥ በቁመቱ ይሰነጥቃል። አንዱን ግማሽ ይበሳና በክር ከዕቃው ጋር ያስረዋል። ያልተበሳውን ግማሽ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሁለቱ ካልገጠሙ ዕቃ አይወጣም። እንጨት ሁሉ የሚሰነጠቀው በራሱ መንገድ ስለሆነ ማንም ሊያታልለው አልቻለም። ቄሱንም፣ የገዛ ወንድሙንም «ግማሽህን አምጣ» ይል ነበር።

ሬሳውን ያገኘው ይኸው ታላቅ ወንድሙ ኪዳነ ወልድ ነው። የቀበሌ ሚሊሻ ነው። ቤቱ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከጠበሉ የሚያወጣው ብቸኛ መንገድ በሚያልፍበት ነው። በዋዜማው ተጠማቂው ሁሉ በደጁ አልፎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ውሾቹ አልጮኹም። ታች ያደሩት ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ሃምሳ አለቃ ጥሩሸዋ ከአንድ ፖሊስ ጋር ረፋዱ ላይ ደረሰች። አርባ ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ኪዳነ ወልድን ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መንገዱ አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ገዳዩን አውቀዋለሁ» አላት ሳይነሣ። «ነጋዴው ወንዳፈራሁ ነው። ከትናንት ወዲያ ጫማው ቢጠፋ ወንድሜን ‹እገልሃለሁ› ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ካወቁ ለምን አስጠሩኝ?»

«ቄሱ ናቸው ያስጠሩሽ። እኔ አልጠራሁሽም።»

«ስንት ሰዓት ይሰጡኛል?»

ኪዳነ ወልድ ሰማዩን አየ። «ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። አፈሩ እስኪመለስ እታገሣለሁ። ከዚያ ነጋዴውን እከተላለሁ።»

«ያልገደለ ሰው ቢገድሉ አስርዎታለሁ።»

«እሰሪኛ። የታሰረ ሰው ስንቅ ይቀበላል። ወንድሜ ምን ይቀበላል?»

ጠበሉ ወዳለበት ወረደች።

ከሬሳው አጠገብ ብዙ ቆየች። ከእጁ የወጣውን እንጨት በብርሃን አገላብጣ አየችው። በጭስ ጠቁሯል። ቀዳዳ የለውም። ጎጆው ደጃፍ ላይ ወዳጆ ለጳጉሜ ያዘጋጃቸው እንጨቶች ተከምረዋል፤ ሁሉም አዲስና ነጭ ናቸው።

ከጠበሉ በላይ አንድ ጠፍጣፋ አለት አለ። አለቱ ላይ አራት ድቡልቡል ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ጥሩሸዋ በመካከላቸው ያለውን በክንዷ ለካች። ቁመቱ ሁለት ክንድ፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል ሆነ። በአራት ማዕዘን የተቀመጡ ድንጋዮች ናቸው፤ የያዙት ነገር ግን የለም።

«ምን ያያሉ?» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ አፈወርቅ። «ድንጋይ ነው።»

«ድንጋዩን አይደለም የማየው» አለችው።

መጀመሪያ የጠየቀቻቸው እማሆይ አስካለ ማርያምን ነው። ጠበሉ ዳር ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ለተጠማቂ ቆሎ የሚያድሉ አሮጊት ናቸው። እንጨቱን ተቀብለው አሸተቱት።

«የአስታ እንጨት ነው። ከምድጃ በላይ የከረመ። ይህን ከየት አመጣሽው ልጄ? ወዳጆ አስታ መሰንጠቅ የተወው ልጅቷ የሞተች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በወይራ ነው የሚሠራው።»

«የትኛዋ ልጅ፣ እማሆይ?»

አሮጊቷ እንጨቱን መለሱላት። «ሰባት ዓመት ሆነው። ጳጉሜ ነው። አንዲት ልጅ ከእናት ከአባቷ ጋር መጣች። ተጠምቃ ስትወጣ የበግ ፀጉር ባናዋ የለም። እናቲቱ ግማሹን እንጨት ዘርግታ ‹ስጠኝ፣ ስጠኝ› ትላለች። ወዳጆ እንደ እብድ ይሮጣል። በዚህ መሐል በረዶ ወረደ። የሁላችንም ልብስ ራሰ። ዝናብ የማያሳልፍ፣ የሚያሞቅ ነገር ያቺ የጠፋችው ባና ብቻ ነበረች። ልጅቷ በአባቷ ትከሻ ላይ እንዳለች፣ አፋፉ ሳይደርሱ ሞተች። እንደተሸከሟት ሄዱ። አገራቸውን የጠየቀ የለም።»

«ፊታቸውን ያስታውሳሉ?»

«እኔ ልጅቷን ነበር የማየው። ከንፈሯን። እነሱን አላየሁም።»

«እዚያ አለት ላይስ ምን ነበር?»

እማሆይ ዞረው አዩ። «ባናዋ የታለች? ትንሽ ጥቁር ባና ነበረች፣ ዳሯ ነጭ። ወዳጆ በየጳጉሜው ጎሕ ሲቀድ ያሰጣታል፤ ማታ ያስገባታል። ‹ለምንድን ነው?› ስለው ‹ትናፈስ› ይለኛል።»

አፈወርቅ ፊቱ በራ። «እንግዲያ የልጅቷን ባና የሰረቀው ራሱ ነዋ!»

ጥሩሸዋ ወደ እማሆይ ዞረች። «ትናንት እዚህ ያደሩትን ይንገሩኝ።»

«እኔ አለሁ። የወዳጆ የእህቱ ልጅ ትዕዛዙ አለ። ነጋዴው በባዶ እግሩ ድንጋይ ለድንጋይ ሲዘል እግሩ ተልጦ፣ ቅቤ ቀብቼ ጠቀለልኩለት። አንድ ሸማኔ ደግሞ ከመንዝ መጥቷል፣ ዳኜ የሚሉት። እሱስ ጉድ ነው። ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ ተጠመቀ! ‹አንተ ሰው፣ ደዌ የያዘው ልብስህን ነው?› ብለው አኮረፈኝ። ሲመጣም በፈረሰው መንገድ በኩል ወርዶ ገደል ሊገባ ሲል ጮኼ መለስኩት።»

«መንገዱ ከፈረሰ ስንት ጊዜው ነው?»

«አምስት ዓመት። አሁን እንኳን ሰው ፍየልም አይሄድበት።»

ነጋዴው ወንዳፈራሁ ጎጆው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የተጠቀለለበት ጨርቅ ነጭ ነው። ሃምሳ አለቃዋን ሲያይ እጁን ወደ እግሩ ጠቆመ።

«ጫማዬን ፈልጊልኝ፤ ከደብረ ብርሃን የገዛሁት ነው፣ ቡናማ። ከሬሳው በፊት የጠፋ እሱ ነው።»

«ወዳጆን እገልሃለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ። ሰው ሲናደድ ምን ይላል? ‹እመርቅሃለሁ› ይላል? በነዚህ እግሮች ደጅ መውጣት አቅቶኝ ነው ያደርኩት። ያ ሰውዬ ጠመንጃውን ይዞ አፋፉ ላይ አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ነጋዴው በሩን አየ።

«ከወዳጆ ጋር ሌላ ነገር ነበራችሁ?»

«ምንም። አንድ ጊዜ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንዲት አሮጌ የልጅ ባና ራቤል ካለው ሱቄ አይቶ ‹ስጠኝ› አለኝ። ‹በምን?› ብለው ያለችውን አንዲት በግ ጎትቶ አመጣ። በግ ለባና! ስቄበታለሁ። ሰጠሁት።»

«እርስዎ ባናውን ከማን አገኙት?»

«ከገበያ ነዋ» አለ፤ ወደ እግሩም አቀረቀረ።

ትዕዛዙ ከጎጆው ጀርባ እንጨት ይፈልጣል። ዕድሜው ሃያ ሰባት ገደማ ነው። አጎቱ ሞቶ ሳለ ለምን እንደሚፈልጥ ስትጠይቀው ለቀብሩ ንፍሮ ነው አላት።

«ዕቃም አብረኸው ትጠብቅ ነበር?»

«የት አስነክቶኝ! እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ፣ በቃ። ሰባት ዓመት አንዲት ጨርቅ እንኳ አላስነካኝም። የእህቱ ልጅ ሆኜ፣ እሱ እጅ አድጌ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«በፊትማ እኔ ነበርኩ የማስረው።»

«ለምን ከለከለህ?»

«ጠባዩ ነው» አለና መጥረቢያውን አነሣ።

ጥሩሸዋ ክምሩን ተመለከተች። በዚህ አገር ደረቁ እንጨት ከላይ፣ በእጅ እንዲቀርብ ይደረጋል። ትዕዛዙ ግን አንድ ጥግ ላይ ብቻ እርጥቡን ከደረቁ በላይ ከምሮታል። አይታ አለፈች። ለአፈወርቅ ግን በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

ዳኜ ከአለቱ ራቅ ብሎ፣ ካፖርት ለብሶ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው።

«ከየት ነዎት?»

«ከመሐል ሜዳ ወዲያ። ሸማኔ ነኝ።»

«አባቴም ዘመሮ አገር ሸማኔ ነበር።»

«ባና ይሠራ ነበር?»

«የሠራው ባና ዝናብ አያስገባም ይባልለት ነበር።»

«እንግዲያ ሸማኔ ነው» አለ ዳኜ፤ ፊቱ ጥቂት ለሰለሰ።

«ከዚህ ቀደም እዚህ መጥተዋል?»

«አልመጣሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነው የመጣሁት።»

«ባለቤትዎ አብረው አልመጡም?»

«በነሐሴ አረፈች።»

«ነፍስ ይማር። ልጆች አሉዎት?»

ሸማኔው ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። «የሉኝም።»

እማሆይ አስካለ ማርያም እንስራ ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንተ! ትናንት ሸንበቆ መስለህ አልነበረም የመጣኸው? በአንድ ሌሊት በኔ ቆሎ ወፈርክ?»

«ብርድ ነው እማሆይ። ደራርቤ ነው።»

ጥሩሸዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም አለቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎችም ወርደው እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ነጋዴውን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ኪዳነ ወልድ ጠመንጃውን ይዞ መጣ።

«ጥይቱን አውጥተው ለአፈወርቅ ይስጡ» አለችው።

«ለምን?»

«ያለዚያ አልናገርም። ወንድምዎን ማን እንደገደለው ሳያውቁ ይቀብሩታል።»

ኪዳነ ወልድ ነጋዴውን አየ። ከዚያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አስረከበ። አፈወርቅ ኪሱ ከቷቸው ሄዶ ከትዕዛዙ ጎን ቆመ።

«ገዳዩ አቶ ወንዳፈራሁ አይደለም» ብላ ጀመረች። «እግሩን እዩት። ማታ የተጠቀለለበት ጨርቅ ዛሬም ነጭ ነው። ከጎጆው እስከ ውሃው ድረስ ጭቃ ነው። ይህ ሰው ከጎጆው አልወጣም። እማሆይም አይደሉም። ድንጋዩን ለማየት አፈወርቅ እንኳ በሁለት እጁ ነው ያነሣው፤ እሳቸው አይችሉትም።»

ነጋዴው ተነፈሰ። ኪዳነ ወልድ ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም።

ጥሩሸዋ ጥቁሩን እንጨት ከፍ አደረገች። «ይህ በሟቹ እጅ ውስጥ ነበር። አስታ ነው፤ ወዳጆ አስታ ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው። አልተበሳም፤ እንግዲያ የባለቤት ግማሽ ነው። ሌባ ይህ ግማሽ አይኖረውም፤ ጠባቂም አይኖረውም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ያኖረው፣ ዕቃው ያልተመለሰለት ሰው ነው። ያን ጊዜ ዕቃቸው ያልተመለሰላቸው ልጃቸው በብርድ የሞተችባቸው ባልና ሚስት ናቸው።»

እማሆይ አስካለ ማርያም አማተቡ።

«እነዚህን አራት ድንጋዮች እዩ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የልጅ ባና ይዘው ነበር። አሁን ባናው የለም። የሌላ ሰው ዕቃ ግን አንድም አልተነካም። ገዳዩ የፈለገው ያን ባና ብቻ ነው። ከዚህም አልወጣም፤ ውሾቹ አልጮኹም። እንግዲያ ባናውም ሰውየውም እዚሁ ናቸው። ‹መጥቼ አላውቅም› ያለኝ ሰው ትናንት ሲወርድ ከአምስት ዓመት በፊት በፈረሰ መንገድ ወረደ። አዲስ እንግዳ፣ ሰው የሄደበትን መንገድ ይከተላል፤ በፈረሰ መንገድ የሚወርድ ድሮ የሚያውቀው ብቻ ነው። ልብሱንም ለጠባቂ አላመነም፤ ራሱ ላይ አሰረው። ትናንት ቀጭን ነበር፤ ዛሬ ወፍሯል።» ዞረች። «አቶ ዳኜ፣ ካፖርቱን ይክፈቱ።»

ዳኜ ዱላውን ጣለ። ቁልፎቹን በዝግታ ፈታ። ከሸሚዙ ሥር፣ ከሥጋው ጋር፣ ጥቁር ባና ተጠምጥሞ ነበር፤ ዳሩ ነጭ።

ኪዳነ ወልድ ባዶውን ጠመንጃ ይዞ ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹ ያዙት።

«እኔ ነኝ የሠራኋት» አለ ዳኜ። «ሱፉን እናቷ ፈተለችው። ልጄ ማዕረግ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሚስቴ ሰባት ዓመት ያን እንጨት እያየች ኖረች። በነሐሴ ስትሞት እጄ ላይ አስቀመጠችው። ስመጣ ልገድለው አልነበረም። ግማሹን አሳይቼ ‹የልጄ ባና የታለች?› ልለው ነበር። ወርጄ ሳይ አደባባይ ላይ አስጥቷታል። በድንጋይ አስይዞ፣ እንደ ገዛ ንብረቱ! ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ይዟት መጣ፤ በመዳፉ እያሸ ዘረጋት። ውሃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ መታሁት። ዕቃዬን ወሰድኩ፤ ግማሹን እጁ ላይ አስጨብጬ መለስኩለት።»

«አትጸጸትም?» አለ ኪዳነ ወልድ።

«በምኑ? ልጄን ገድሎ በባናዋ ደጁን ያስጌጠ ሰው ነው።»

ጥሩሸዋ ወደ ዳኜ ቀርባ ባናዋን በዓይኗ ፈተሸች። «የነጩን ዳር ጥግ ይዳብሱ። ምን አለ?»

ዳሰሰ። «ጠንካራ ነገር አለ። ከጠዋት ጀምሮ ጎኔን ሲወጋኝ ነበር።»

«ስፌቱን ይፍቱት።»

የሸማኔ ጣት ነው፤ ክሩን ወዲያው ፈታው። ከስፌቱ ውስጥ አንድ የአስታ ግማሽ ወጣ። የተበሳ ነው፤ የተበጠሰ ክር አሁንም በቀዳዳው አለ። ጥሩሸዋ ጥቁሩን ግማሽ ሰጠችው። ዳኜ ሁለቱን አቀራረባቸው። አንዱ ገና እንደ አዲስ ነው፤ አንዱ በጭስ ጠቁሯል። ገጠሙ። ፀጉር እንኳ አያስገቡም።

«ወዳጆ ዕቃን ከግማሹ ለይቶ አያውቅም» አለችው። «ሌባው ክሩን በጥሶ የጣለውን ግማሽ አነሣ። ባናዋን ራቤል ሱቅ ውስጥ አገኛት። ያለችውን አንዲት በግ ሰጥቶ መለሳት። አገራችሁን ስለማያውቅ የሚልክበት የለውም። የቀረው አንድ ነገር ነው። በየጳጉሜው እዚህ ማስጣት፣ ባለቤቷ መጥቶ እስኪያያት። ሰባት ጳጉሜ ጠበቀዎት። እርስዎ ግማሹን ሳያሳዩት ድንጋዩን አነሡ።»

ዳኜ ቁጭ አለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የሰረቀው ማነው?»

ነጋዴው ሳያስበው አንገቱን ወደ አንድ በኩል አዞረ። ጥሩሸዋ አየችው።

«አቶ ወንዳፈራሁ፣ ባናዋን ማን አመጣልዎ?»

«እኔ እንግዲህ... የተሰረቀ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ማን?»

«ትዕዛዙ» አለ ነጋዴው። «በእጅ ባትሪ ለወጠኝ።»

ትዕዛዙ ሊነሣ ሲል የአፈወርቅ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። አፈወርቅ በሌላ እጁ ከእርጥቡ እንጨት ሥር ያወጣውን ቡናማ ጫማ አሳየ።

«ዕቃ የሚያስረው እሱ ነበር» አለች ጥሩሸዋ። «ልጅቷ ከሞተች ወዲህ አጎቱ ጨርቅ አላስነካውም። አውቋል። አውቆም ዝም አለ።»

«እህታችን ስትሞት አስምላዋለች» አለ ኪዳነ ወልድ፤ ድምፁ ወርዷል። «‹ልጄን ለማንም አሳልፈህ እንዳትሰጥብኝ› ብላ።»

«ልጅ ነበርኩ!» አለ ትዕዛዙ። «በረዶ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ? ባና ነው የወሰድኩት! ባና!»

እማሆይ አስካለ ማርያም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አፈወርቅ የሁለቱንም እጅ አሰረ። ጥሩሸዋ ባናዋን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ዳኜ ሁለቱን ግማሾች አገጣጥሞ አሳያት።

«ገጥሟል። ዕቃዬ ይውጣ።»

«ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት ሲጨርስ ይሰጥዎታል።»

ባናዋን በአራት አጥፎ ሰጣት። «ስንት ዓመት ይፈርዱብኛል?»

«ዳኛው ያውቃል።»

«አሥራ አምስት? ሃያ?»

«ሊሆን ይችላል።»

ዳኜ ወደ ትዕዛዙ ዞረ። አልጮኸም፤ አልተራገመም። ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው በረጋ ድምፅ ተናገረ።

«ሰባቱን ችዬዋለሁ። ሃያውንም እችለዋለሁ። አንተ እስከዚያው ዕቃህን ጠብቅ።»

የቀብሩ ደወል ሲደወል ጉዞ ጀመሩ። ኪዳነ ወልድ መንገዱ አፍ ላይ ቆሟል። አፈወርቅ ጥይቶቹን ከቀብር በኋላ ከጣቢያ መጥቶ እንዲወስድ ነገረው።

«ለማን?» አለ ኪዳነ ወልድ። አንዱ ወንድሙን የገደለ ነው፤ አንዱ የእህቱ ልጅ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ቀብሩ ሄደ።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚያስኬደው። ጥሩሸዋ ትዕዛዙን ከፊት፣ ዳኜን ከኋላ አደረገች፤ እሷና አፈወርቅ መሐል ገቡ። ሸማኔው ዳገቱን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ትዕዛዙ ግን ራቤል እስኪገቡ ድረስ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ወደ ኋላው እየዞረ እንቅፋት ሲመታው ሄደ።